ፎቶው ከመግባቱ በፊት፦ የሠርግ አልበም ቴምፕሌት

የሠርግ አልበም ሲገለጥ ዓይን የሚያርፈው ሙሽሮቹ ላይ ነው። ፎቶዎቹን የተሸከመውን ገጽ፣ ዲዛይነሮች ቴምፕሌት የሚሉትን፣ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። የኅትመቱ ጥራት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ፣ ፎቶው ገና ሳይገባ ነው።

ቴምፕሌት የፎቶው፣ የጽሑፉና የጌጡ ቦታ አስቀድሞ የተደለደለበት ፋይል ነው። ዲዛይነሩ ለየሙሽራው ከዜሮ አይነሳም፤ ፎቶውን በተዘጋጀለት ቦታ ያስገባል፣ ስም ይቀይራል፣ ለማተሚያ ቤት ይልካል። በዚህም ምክንያት ቴምፕሌቱ ላይ የገባች ስሕተት በወጣው አልበም ሁሉ ትደገማለች።

መነሻው ልኬት ነው። አዲስ ፋይል ሲከፈት የሚታተመው ትክክለኛ መጠን በሴንቲሜትር ይሞላል፤ ሬዞሉሽኑ 300፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ይደረጋል። በዚህ ስሌት 30 በ20 ሴንቲሜትር የሆነ ገጽ 3543 በ2362 ፒክስል ይወጣዋል። በ72 ሬዞሉሽን የተሠራውን ፋይል መጠኑን ሳይቀንሱ ወደ 300 ማሳደግ አያድንም፤ ኮምፒውተሩ የጎደለውን ፒክስል ከአጠገቡ ካለው እየገመተ ነው የሚሞላው። ጉዳቱ ቶሎ የሚታየው የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ነው፦ ሸማኔው ክር በክር የለየው ቀለም ተደባልቆ ይደበዝዛል። ያን ያህል የተለፋበት ልብስ እንዲህ ሲታተም ማየት ያሳዝናል።

በቴሌግራም የሚላክ ፎቶም እንዲሁ ይጎዳል። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ሆኖ ከደረሰ በ300 ሲታተም 11 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ደንበኛን «እንደ ፋይል ላክልኝ» ማለት ይበጃል። ባለ 12 ሜጋፒክስል የስልክ ፎቶ ሳይጨመቅ ከመጣ ከላይ ላልነው ገጽ ይበቃል።

ወረቀት ሲቆረጥ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የጀርባው ቀለም ከገጹ ጠርዝ በየአቅጣጫው 3 ሚሊሜትር ያህል አልፎ ይወጣል፤ ብሊድ የሚባለው ይህ ነው። ካልተተወ ዳር ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ብቅ ይላል። ፊትና ስም ደግሞ ከጠርዙ ራቅ ብለው ወደ ውስጥ ይግቡ። በሁለት ገጽ የሚዘረጋ ፎቶ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በሚዜዎች ፎቶ ሙሽሪት ብዙ ጊዜ መሐል ስለምትቆም እጥፋቱ ፊቷ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ቴምፕሌቱ ላይ የእጥፋቱን መስመር አስምሮ የፎቶውን ቦታ ከመሐል ፈቀቅ ማድረግ ነው መፍትሔው።

የቀለሙን ነገር ማተሚያ ቤቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የፎቶ ማተሚያ ማሽኖች በአብዛኛው ኤስአርጂቢ የተባለውን የቀለም ሥርዓት ይፈልጋሉ፤ የኦፍሴት ኅትመት ግን የሚሠራው በሲኤምዋይኬ አራት ቀለሞች ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወደ ሲኤምዋይኬ ሲገባ መፍዘዙ የታወቀ ነው። የስክሪኑ ብርሃን ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ፎቶው በቂ ብርሃን ያለው ይመስልና ታትሞ ሲወጣ ይጠቁራል፤ ጠይም ፊት ይጨልማል፣ የጥቁር ካባ እጥፋት ይጠፋል። ካባ የተለበሰበትን አንድ ገጽ ለሙከራ ማሳተም ሙሉ አልበም ከማበላሸት ያድናል።

ጽሑፉ በመጨረሻ ይታያል። የተጠቀምንበት የአማርኛ ፎንት ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፊደሉ ሊቀየር ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከመላኩ በፊት ወደ ቅርጽ ይለወጣል። ወደ ቅርጽ የተለወጠ ጽሑፍ ስለማይታረም ያልተለወጠው ቅጂ ለብቻው ይቀመጣል።