የዲቪ ዕጣ አሠራርና የአመልካቹ ዕድል

በኢትዮጵያ በአጭሩ ዲቪ የሚባለው የአሜሪካ የመኖሪያ ቪዛ ዕጣ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ተደንግጎ ከ1995 በጀት ዓመት ጀምሮ የተሠራበት ሥርዓት ሲሆን፣ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት ወደዚያች አገር ጥቂት ሰው ለላኩ አገሮች ተወላጆች በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ይመድባል። ሕጉ ዓለምን በስድስት ቀጣናዎች ከፍሎ ቪዛውን ሲያከፋፍል አንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ እንዳይወስድ ስለሚከለክል፣ አመልካቹ ምንም ቢበዛ የኢትዮጵያ ድርሻ ከ3,850 አያልፍም።

ለማመልከት 12ኛ ክፍልን ማጠናቀቅ፣ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት መሥራት ያስፈልጋል፤ በመሆኑም በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት ከ10ኛ ክፍል ያቆመ የመካነ ሰላም ወጣት፣ የሥራ ልምዱ ካላሟላለት በቀር፣ ዕጣው ቢደርሰውም ቪዛውን አያገኝም። ከአንድ ጊዜ በላይ የሞላ ሰው ይሰረዛል፤ ሁለቱም ብቁ የሆኑ ባልና ሚስት ግን በየስማቸው ሞልተው አንዳቸው ሌላውን በማስመዝገብ ዕድላቸውን ከፍ ማድረግ ይችላሉ። የትዳር ጓደኛን ወይም ከ21 ዓመት በታች ያለ ያላገባ ልጅን ሳያስመዘግቡ መቅረት ቪዛ የሚያስከለክል ሲሆን፣ የልደት ቀንን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመልሱ መሳሳትም በቃለ መጠይቁ ወቅት ጣጣ ያመጣል።

ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒዩተር ነው። ለ2018 እ.ኤ.አ. ዲቪ ቤተሰብ ጭምር ሲቆጠር 23 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዝግቦ 115,968 ተመርጧል፤ ይህም ከ200 ሰው ለአንዱ ገደማ ደረሰ ማለት ነው። የተመራጮቹ ቁጥር ከቪዛው በእጥፍ የሚበልጠው ሆን ተብሎ፣ ሰነድ የሚጎድላቸውና ሐሳባቸውን የሚለውጡ እንደሚኖሩ ታስቦ ስለሆነ፣ «ዲቪ ደረሰኝ» የሚል ሰው የያዘው ተራ እንጂ ቪዛ አይደለም። ለአፍሪካ ተመራጮች «ኤኤፍ» የሚል ምልክት ያለበት የተራ ቁጥር የሚሰጥ ሲሆን፣ ለቃለ መጠይቅ የሚበቁት ቁጥራቸው በወርኃዊው የቪዛ መግለጫ ከወጣው ገደብ በታች የሆኑት ብቻ ናቸው፤ ለኢትዮጵያ ከሌላው አፍሪካ ያነሰ ገደብ የተቀመጠባቸው ጊዜያትም ነበሩ።

በጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ሲዘጋ ተራው ያልደረሰው ተመራጭ ዕድሉ ያበቃል፤ በ2020 በኮሮና ሰበብ የወጣው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ቪዛ መስጠትን ለወራት ሲያቋርጥ ብዙዎች የተጎዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጥማድ በሬውን ሸጦ የሕክምና ምርመራውንና በነፍስ ወከፍ 330 ዶላር የሆነውን የማይመለስ የቪዛ ክፍያ ለመሸፈን የሚነሣ ተመራጭ፣ አስቀድሞ ቁጥሩ ዝቅተኛ፣ ሰነዱም የተሟላ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል።