ያውቁ ኖሯል? ሥዕል የሌለው የኦንላይን ጨዋታ

ሥዕል የለው፣ ሙዚቃ የለው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። «መድ» የሚባለው የብዙ ተጫዋቾች ጨዋታ ግን አነባበቡን ለለመደ ሰው ዓለሙንም፣ ጠላቱንም፣ የቀረውን ዕድሜም በዚያው ጽሑፍ ያሳያል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

• የመጀመሪያው መድ የተጠነሰሰው በ1978 እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጀመረው ተማሪው ሮይ ትራብሾ ሲሆን፣ ተረክቦ ያሳደገው ሪቻርድ ባርትል ነው።

• በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እጅ የተሠራው ይህ ብቻ አይደለም። ለብዙ መዶች መሠረት የሆነው «ዲኩመድ» በ1990ዎቹ መባቻ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአምስት ሰዎች ተጻፈ።

• በመድ ቋንቋ ጫካውም፣ አደባባዩም፣ ወንዙም «ክፍል» ይባላል። አንድ ክፍል ሲገቡ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎ መግለጫው፣ ከዚያ መሬት ላይ የወደቀው ዕቃ፣ በመጨረሻ እዚያ ያለው ሰው ወይም አውሬ ይዘረዘራል። የቸኮለ ተጫዋች ዓይኑን በቀጥታ ወደ መጨረሻው መስመር ይጥላል፤ የሚነክሰው ያለው እዚያ ነዋ!

• ከታች «20ኤች 100ኤም 82ቪ >» የሚል መስመር ካዩ አይደናገሩ። የመጀመሪያው ቁጥር የቀረዎት ሕይወት፣ ሁለተኛው የአስማት ኃይል፣ ሦስተኛው የእግር ብርታት ነው። ከምልክቷ በኋላ ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ የእርስዎን ትዕዛዝ ይጠብቃል።

• ያ የእግር ብርታት እንደየመሬቱ ነው የሚያልቀው። በዲኩመድ ስሌት የጫካ መንገድ 3 ነጥብ፣ ተራራ ደግሞ 6 ነጥብ ያስከፍላል።

• ለመሄድ ሙሉ ቃል መጻፍ አያስፈልግም። የአቅጣጫው የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይበቃል።

• ሁለት ጎራዴ አንድ ቦታ ቢያገኙና ሁለተኛውን ቢፈልጉ፣ ከዕቃው ስም በፊት 2 ቁጥርና ነጥብ ያደርጋሉ። ኮምፒውተሩ የትኛውን እንደፈለጉ ይገባዋል።

• ከመግጠምዎ በፊት ጠላትን መመዘኛ ትዕዛዝ አለ። መልሱ በቁጥር ሳይሆን በቃል፣ አንዳንዴም በሹፈት ይመጣል። በብዙዎቹ የዲኩ ዝርያዎች ግን የሚያወዳድረው የሁለታችሁን ደረጃ ብቻ ነው፤ የታጠቀውን መሣሪያ አያይም።

• በዲኩመድ አንድ ሰዓት ማለት 75 ሰከንድ ነው። ቀኑ በግማሽ ሰዓት ይመሻል፣ ይነጋል። ወሩ 35 ቀን፣ ዓመቱም 17 ወር አለው፤ የእኛን 13 ወር በአራት ያስከነዳል። ያም ሆኖ ዓመቱ ሲያልቅ በእኛ ቀን አቆጣጠር 12 ቀን ተኩል እንኳን አልሞላም።

• የይለፍ ቃል ሲጽፉ ፊደሎቹ የማይታዩት ሰርቨሩ «ጽሑፉን መልሶ ማሳየት የእኔ ሥራ ነው» ብሎ ተረክቦ ዝም ስለሚል ነው። ሆኖም መዶች የሚገለገሉበት የድሮው ቴልኔት ጽሑፍን በምስጢር አይቆልፍም። ስለዚህ የኢሜልዎን የይለፍ ቃል እዚህ አይድገሙት።

• ጨዋታው ጽሑፍ ብቻ በመሆኑ ዓይነ ስውራን ተጫዋቾች ስክሪን በሚያነብ ሶፍትዌር ከሌላው እኩል ይፋለሙበታል።

• የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዲኩመድ ቀድሞታል። ከዲኩ የተወለደው የሰርክልመድ ኮድ መሠረታዊ የላቲን ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ምልክቶችን ብቻ ያሳልፋል፤ ሌላውን ጥሎት ያልፋል። «ሰላም» ብለው ቢጽፉ ሰላምታዎ ለማንም አይደርስም።

• መስኮቱን መዝጋት ከጨዋታው መውጣት አይደለም። መስመሩ ቢቋረጥም ገጸ ባሕሪዎ ዓለሙ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። በቀድሞዎቹ የዲኩ መዶች ንብረትዎ ተጠብቆ እንዲቆይ ከፈለጉ እንደ መንገደኛ ሆቴል ገብተው አልጋ መያዝ አለብዎት። ሒሳቡ በቀን ይቆጠራል፤ ገንዘብዎ ካለቀ ዕቃዎ ይወረሳል።