የዘይቤ ስምና የግጥም ንባብ፦ የሥነ ጽሑፍ ፈተና ምን ይጠይቅ?

«ነፋሱ እንደ ሕመምተኛ አቃሰተ» የሚል ዓረፍተ ነገር በፈተና ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ከሥሩ «ሀ. ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ለ. ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሐ. ሰውኛ ዘይቤ፣ መ. ግነት» የሚሉ አማራጮች ቢደረደሩ፣ በደንብ ያጠና ተማሪ «ሀ»ን ለመክበብ ብዙ አያስብም። «እንደ» ካለ ተነጻጻሪ ነው ተብሎ ተምሯልና። ቆም ብሎ ያሰበ ተማሪ ግን ይቸገራል። ማቃሰት የታማሚ ሰው እንጂ የነፋስ ግብር ስላልሆነ «ሐ»ም ትክክል ነው። እንዲያውም የዓረፍተ ነገሩ ጉልበት ያለው «አቃሰተ» ላይ ነው፤ «እንደ ሕመምተኛ» የሚለው ቢወጣ እንኳ ነፋሱ ማቃሰቱን አይተውም። ይህን ያስተዋለው ልጅ ከሌላው ይበልጥ አንብቧል፤ ነጥቡን የሚያጣው ግን እሱ ነው። ስለ ሥነ ጽሑፍ ትምህርትና ፈተና ለዓመታት ሲነሣ ሲወድቅ የኖረው ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ የሚለካው የዘይቤውን ስም ማወቅ ነው ወይስ ጽሑፉን ማንበብ?

ስያሜዎቹ እንዴት እንደመጡ ማስታወሱ ለመልሱ ይረዳል። ተማሪው እንደ ቀመር የሚሸመድዳቸው ቃላት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው አጭር ነው። «ልብ ወለድ» የሚለው ራሱ ሥር የያዘው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» በሚል ስም የምናውቀው መጽሐፍ ከወጣ ወዲህ ነው። ድርሰቱ ቀደመ፤ ስሙ ከድርሰቱ ተወለደ። ኋላም ሥነ ጽሑፍንና ቴአትርን በአማርኛ ማስተማር ሲጀመር መምህራኑ መነጋገሪያ ቃል ቸገራቸው። ገጣሚውና መምህሩ ደበበ ሰይፉ በ1973 ዓ.ም. «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር»ን ያሳተሙት በዚያ ችግር ዘመን ነው፤ «ገጸ ባሕርይ»፣ «ሴራ» እና «መቼት» የሚሉት ስያሜዎችም ብዙ ጊዜ ከእሳቸው ስም ጋር ይነሣሉ። «መቼት» ከ«መቼ» እና ከ«የት» የተሠራ ቃል ነው፤ «አያዎ» ደግሞ «አይ» እና «አዎ»ን በአንድ አፍ ያናግራል። «እንቶኔ» በዕለት ንግግራችን «እገሌ» ማለት ሲሆን፣ በሥነ ጽሑፍ በሌለበት ተጠርቶ የሚነገረውን ወይም መስማት የማይችለውን የማነጋገር ዘይቤ ስም ሆኗል። ቃሎቹ ትርጉማቸውን በአካላቸው ተሸክመው ይዞራሉ። «መቼት» እንዴት እንደተሠራ አንድ ጊዜ የተነገረው ልጅ ብያኔውን መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ያልተነገረው ግን «ታሪኩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ» የሚለውን ደብተሩ ላይ ጽፎ ለፈተና ዋዜማ ያስቀምጠዋል። ዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን»ን፣ ብርሃኑ ገበየሁም «የአማርኛ ሥነ ግጥም»ን ሲጽፉ ስያሜዎቹን ከምሳሌና ከትንታኔ ጋር ነበር ያቀረቧቸው። ከመጽሐፎቹ ወደ ማስታወሻ፣ ከማስታወሻው ወደ ምርጫ ጥያቄ ሲወርዱ ግን ምሳሌው እየቀለለ፣ ትንታኔው እየጠፋ፣ ስሙ ብቻ እየቀረ መጣ።

ለዚህ መሳሳት ተጠያቂ ተደርጎ የሚጠቀሰው ብሔራዊ ፈተናው ነው። «ማትሪክ» የሚባለው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ በነበረበት ዘመን አማርኛ ከሚፈተኑት ትምህርቶች አንዱ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲተካው አማርኛ ወደዚያ ተሻገረ፤ በ12ኛ ክፍሉ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ግን ቦታ አላገኘም። የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲቀር፣ በሁለተኛ ደረጃ አማርኛን የሚለካ አገር አቀፍ ፈተና አብሮ ቀረ። በ2014 ዓ.ም. የመግቢያ ፈተናውን ከወሰዱት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገር ተደናገጠ፤ ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ ወደቀ ተብሎ ብዙ ተጻፈ። ምን ተጠየቀ፣ ምንስ ሳይጠየቅ ቀረ የሚለው ግን ያን ያህል አልተነሣም። አንድ ተማሪ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ አንድ ግጥም ወይም አንድ አጭር ልብ ወለድ ከፍቶ የሚያስረዳ መሆኑን የሚያረጋግጥ አገራዊ መለኪያ የለም። ይህ ክፍተት ያሳስባል። በዚያው መጠን ግን ከዚህ በታች የምመለስበትን አንድ ዕድል ከፍቷል።

መከራከሪያዬ ይህ ነው፦ የዘይቤ ስም ከአንድ የተነጠለች ስንኝ ጋር ብቻ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ለመመለስ የሚቀል መሆኑ አይደለም ጉዳቱ፤ ብዙ ጊዜ መልስ የሌለው መሆኑ ነው። «ልጁ አንበሳ ነው» የሚለውን እንውሰድ። ለብቻው ሲቆም ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ ማንም አይከራከርም። ከዚያ በፊት ባለው አንቀጽ ልጁ ከአንዲት ቡችላ ሸሽቶ አጥር ዘሎ ቢሆንስ? ያው ዓረፍተ ነገር ምጸት ሆነ። ዘይቤው የሚኖረው ከቃሉ ዙሪያ ካለው ነገር ጋር ነው፤ ዙሪያውን ቆርጦ የጣለ ፈተና የሚፈትነውን ነገር አብሮ ጥሎታል። «እንደ» የምትለዋም ምልክት ብትሆን እምነት የሚጣልባት አይደለችም። «እንደ መጣ ነገረኝ» ሲባል ጊዜን ታሳያለች፤ «እንደ ታዘዘው አደረገ» ሲባል ሁኔታን። በአንጻሩ «ያህል»፣ «ይመስል»፣ «መስሎ» የሚሉት «እንደ»ን ሳይጠሩ ያነጻጽራሉ። ምልክት ፈልጎ የሚከብብ ተማሪ ከነዚህ አንዱን ባገኘ ቁጥር ይሳሳታል፤ ምን ከምን ጋር ተነጻጸረ፣ በምን በኩል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ግን ስሙ ቢጠፋው እንኳ ነገሩ አይጠፋውም።

ይህን አስተሳሰብ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። ቅኔ ቤቱ ከማንኛውም ዘመናዊ ትምህርት ቤት የበለጠ የስያሜ ሀብት አለው፦ ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ የቅኔው ዓይነት በስም ይታወቃል፤ ሰምና ወርቅ፣ ኅብር፣ ውስጠ ወይራ፣ አንጻር፣ ሰረዝ እየተባለ መንገዱም በስም ይለያል። የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ወይም የዋድላ ቅኔ ቤት ግን ተማሪን የስም ዝርዝር አስመልሶ «አወቀ» ያለ የለም። ተማሪው ግሱን ከያዘ በኋላ መምህሩ ሲዘርፉ ይሰማል፤ ምሥጢሩ ሲፈታ ያዳምጣል፤ ከዚያ ራሱ ቅኔ ይቆጥራል፤ ቆጥሮ ያመጣውን መምህሩ ፊት ይነግራል፤ ይታረማል። ስሙ የሚመጣው ከሥራው ጋር ነው። ቅኔ ቤቱን ወደ 9ኛ ክፍል እናምጣው ማለቴ አይደለም፤ የዓመታት ትጋት የሚጠይቅ፣ በግእዝ የሚካሄድ፣ የራሱ ዓላማ ያለው ትምህርት ነው። ሆኖም ስያሜና ንባብ ተነጣጥለው የተማሩት በሩቅ ዘመን ሳይሆን በቅርቡ መሆኑን ያስታውሰናል።

ቅኔ ቤቱ በጆሮ ማስተማሩም በከንቱ አይደለም። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ የሚበላውን ሰው፣ ጠብቆ ሲነበብ የሚበላውን ምግብ ይናገራል፤ «ዋና» ሲላላ የውኃ ዋና ነው፣ ሲጠብቅ ግን አለቃና ቀዳሚ ነው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ይጠራል። በአማርኛ ግጥም ውስጥ ያለው ኅብረ ቃል ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚህ ነው። ግጥም ጮክ ብሎ ያላነበበ ተማሪ «ሰም ላይ ላዩ፣ ወርቅ ውስጡ» የሚለውን ብያኔ በቃሉ ሊያውቅ ይችላል፤ ቃሉን አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ ካልሞከረ ግን ወርቁ አጠገቡ እያለ ያልፈዋል። ስለ ቤት አመታትም ያው ነው። የወል ቤት 6 እና 6 ቀለም፣ ሰንጎ መገን 5 እና 5 ቀለም መሆኑን መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ለትካዜ፣ የትኛው ለጥድፊያ እንደሚመች መስማት ሌላ።

በዚህ ላይ የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ የእርማት ነው። «አብራራ» የሚል ጥያቄ ለመቶ ሺዎች እንዴት ይታረማል? ሁለት መምህራን ለአንድ መልስ ሁለት ዓይነት ነጥብ ቢሰጡስ? ምርጫ ጥያቄ ቢያንስ ለደሃውም ለሀብታሙም ልጅ እኩል ነው ይባላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ አድልዎ የሚፈራበት አገር ውስጥ ማሽን የሚያርመው ወረቀት የሚሰጠው እፎይታ ይገባኛል። ነገር ግን አይቻልም የሚለው ትክክል እንዳልሆነ ጎረቤታችን ኬንያ ታሳያለች። በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ስዋሂሊ ግዴታ ነው፤ ሦስተኛው ወረቀቱም ሙሉ በሙሉ ሥነ ጽሑፍ ነው። ተማሪው የተመረጠ ልብ ወለድን፣ ተውኔትንና አጫጭር ልብ ወለዶችን አንብቦ ይመጣል፤ ግጥም ተሰጥቶት ዘዴውን ከራሱ ከግጥሙ ምሳሌ እየጠቀሰ ያሳያል፤ ስለ ቃል ሥነ ጽሑፍም ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2023 የተፈተነው 900 ሺህ ገደማ ተማሪ የጻፈውን ያረሙት ለዚያ የተጠሩ መምህራን ናቸው። ኬንያም የራሷ በሽታ አላት፤ ለእያንዳንዱ የተመረጠ መጽሐፍ «መምሪያ» እየታተመ ይሸጣል፣ ልብ ወለዱን ሳያነብ መምሪያውን የሚሸመድድ ተማሪም አይጠፋም። ስለዚህ የጽሑፍ ጥያቄ ብቻውን መድኃኒት ነው አልልም። መምሪያ የማይደርስበት ጥያቄ ግን አለ፤ ተማሪው አይቶት የማያውቀውን አጭር ግጥም ሰጥቶ መጠየቅ።

ከላይ የጠቀስኩት ዕድል እዚህ ጋር ይመጣል። በእኛ አገር ዛሬ የሁለተኛ ደረጃን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሚፈትነው ማሽን ሳይሆን የክፍሉ መምህር ነው። የመቶ ሺዎች ወረቀት የሚባለው ሰበብ በ2012 ዓ.ም. አብሮ ተነሥቷል። ሆኖም በብዙ ክፍሎች ፈተናው አሁንም የድሮውን ብሔራዊ ፈተና መልክ ይዞ ይወጣል፤ ምርጫ፣ ማዛመድ፣ እውነት ወይም ሐሰት። መምህሩን መውቀስ ተገቢ አይሆንም። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ፣ በሳምንት ብዙ ክፍል የሚያስተምር ሰው የአንድ ገጽ ድርሰት ከሁሉም ሊቀበል አይችልም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ግን ሊቀበል ይችላል። «በ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ውስጥ ካሳ ዳምጤን አገሬው ለምን ‹ጉዱ› አለው? ልብ ወለዱስ ከአገሬው ጋር ይስማማል? በሦስት ዓረፍተ ነገር መልስ» የሚል ጥያቄ «ምጸት ምንድን ነው?» ከሚለው በላይ ምጸትን ይፈትናል፤ ቃሉን ሳይጠራ እንኳ። ለማረምም የደቂቃ ሥራ ነው። ምርጫ ጥያቄ የግድ ከሆነም ከስንኙ በፊትና በኋላ ያለውን አምጥቶ «ተናጋሪው እንዲህ ያለው ለምንድን ነው?» ማለት ይቻላል።

ሌላው ተቃውሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል፦ ስያሜውን ካቀለልን ተማሪው «ደስ ይላል»፣ «ልብ ይነካል» ከማለት ሌላ ቋንቋ አይኖረውም ይላል። በዚህ እስማማለሁ። ስም የሌለውን ነገር ከሰው ጋር መወያየት ይከብዳል፤ አንባቢ በ«ጭብጥ» እና በ«ይዘት» መካከል ያለውን ልዩነት ካላወቀ የመጽሐፉን ታሪክ ሲተርክ ሐሳቡን የተናገረ ይመስለዋል። ችግሩ ስያሜው ራሱ አለመርጋቱ ነው። አንዱ መጽሐፍ «ሴራ» ያለውን ሌላው «ትልም» ይለዋል፤ «ተምሳሌት» እና «ትእምርት» አንዳንዴ ለአንድ ነገር፣ አንዳንዴ ለሁለት ይውላሉ። ቃሉን ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ተማሪውን የሚቀጣው ባላነበበው አጋዥ መጽሐፍ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገሩን አብራርቶ ከጽሑፉ ማስረጃ ያቀረበ ግን በየትኛውም ስም ቢጠራው መምህሩ ይረዳዋል። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማር ልጅ ይህ የበለጠ ይጠቅማል፤ የቃላት ዝርዝሩ በባዕድ ቃል ላይ የተጫነ ሌላ ባዕድ ቃል ሲሆንበት፣ የማነጻጸር፣ የማጋነንና የመደበቅ ጥበብ ግን አፉን በፈታበት ቋንቋ ተረትና ዘፈን ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ደብተሩን በስያሜ ከመሙላቱ በፊት አንድ ግጥም ይያዝ። ጮክ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ያንብበው፤ የከበደችውን ቃል አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ ይሞክራት። ያስደነቀው ስንኝ ላይ ያስምርና፣ ቃሉ በሌላ ቃል ቢተካ ምን እንደሚጎድል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ስሙን ኅዳጉ ላይ መጨረሻ ይጨምረው፤ ሁለት ስም ከመጣበት ሁለቱንም።