የገመዱ ሁለት ጫፍ

የምኖርበት የአዲስ አበባ ደቡባዊ ሰፈር ነፋስ ስልክ መባሉ፣ ቃልን ያለ ሽቦ በአየር ላይ የሚያሳልፍ የቴሌግራፍ ጣቢያ ስለ ቆመበትና፣ ሕዝቡም ያንን ረቂቅ ጥበብ ከሚያውቃቸው ሁለት ቃላት አጋብቶ ስለ ሰየመው ነው። ሐምሌ ላይ ትንሹ አቃቂ ሞልቶ፣ በበጋ ድንጋይ እየረገጥን የምንሻገርበት መልካ ከጠፋ በኋላ፣ ከወዲያ ማዶ የቆመ ሰው ከወዲህ ማዶ ላለው ዘመዱ እየጮኸ መልእክት ሲነግረው በሰማሁ ቍጥር ይህ ስም ትዝ ይለኛል፤ ቃል በነፋስ ይሻገራል፣ ሥጋ ግን የግድ የሚረግጠው ነገር ይሻል። ለእኛ ለከተማዎቹ ችግሩ ጥቂት ዞሮ ወደ መኪናው ድልድይ በመሄድ ያልቃል፤ ለዓባይ ሸለቆ ሰው ግን ዙሪያው የቀናት መንገድ ነውና፣ ዛሬ ላስተዋውቀው ያሰብሁት ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ትርጕሙ በደንብ የሚገባው እዚያ ነው።

የድንጋይ ድልድይ ጽናቱ ከመጫን ነው፤ በቅስቱ ላይ ያረፈው ሸክም ድንጋዩን ከድንጋይ እያጣበቀ ግፊቱን ወደ ሁለቱ ዳርቻ መሠረት ያወርደዋል። የተንጠልጣዩ ባሕርይ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከብረት ክሮች የተገመዱት ዋና ገመዶች ከዳር እስከ ዳር ተዘርግተው፣ ጫፋቸው በሁለቱም ወገን በዐለት ወይም በከባድ የኮንክሪት ግንብ ውስጥ ይታሰራል፤ ዳርቻው ከፍ ያለ ገደል ሲሆን ሳንቃው በረገበው ገመድ ላይ ይነጠፋል፣ ዳርቻው ዝቅ ያለ ሲሆን ደግሞ ገመዱ በረዣዥም ምሰሶዎች ላይ ወጥቶ መረማመጃው ከርሱ በቀጫጭን ብረቶች ይንጠለጠላል። ገመዱ ስለ ምን ረግቦ እንደሚተው ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ በግቢው የታጠበ ጋቢ የሚሰጣበትን ገመድ ይመልከት፤ አጥብቆ የወጠረው እንደ ሆነ እርጥቡ ጋቢ ችካሉን ነቅሎ ይጥለዋል፣ ለቀቅ ያደረገው እንደ ሆነ ግን ያንኑ ጋቢ ሳይጨነቅ ይይዝለታል። መሐንዲሶችም የርግበቱ ጥልቀት በግማሽ ሲቀንስ በገመዱ ላይ ያለው ውጥረት እጥፍ እንደሚሆን በስሌት ያሳያሉ።

ይህን ሁሉ በአንድ ስፍራ የሚያስተምር፣ በጎጃምና በቤጌምድር መካከል፣ በሞጣ በኩል የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት በ1660 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዓባይ ላይ በድንጋይ ታንጾ፣ ነጋዴውንና መነኵሴውን፣ ሙሽራውንና ለቀስተኛውን ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ካሻገረ በኋላ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ቅስቱ ተሰበረ፤ የሰበሩትም የጠላትን ጦር ለማገድ የተነሡ አርበኞች እንደ ሆኑ ይነገራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሕዝቡ መንገዱን አልተወም። በስባሪው ግራና ቀኝ ጐልማሶች ቆመው የገመድ ሁለት ጫፍ ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ገመዱን ታጥቆ፣ ከበታቹ ዓባይ እያገሣ፣ በአየር ላይ ተስቦ ይሻገራል። መልሕቁ የሰው ክንድ፣ ምሰሶው የሰው ጫንቃ የሆነ ተንጠልጣይ ድልድይ ማለት ይህ ነበር። ገመድን፣ ይልቁንም ጫፉን የያዘውን ሰው ማመን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ደብረ ዳሞን ለመሳለም የወጣ ሁሉ ነፍሱን ለጠፍርና ከላይ ለሚስበው መነኵሴ አደራ ሰጥቶ ነው።

የዚህን መሻገሪያ ፎቶግራፍ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ በ2001 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አይቶ ልቡ ተነካና፣ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት መሥርቶ በማግሥቱ ዓመት ስባሪውን በብረት አስጠገነው። ዓባይ ግን ጥገናውን በ2005 በጎርፍ ወሰደው። በ2009 በዚያው አካባቢ የተተከለው አዲሱ መሻገሪያ ቅስት መሆኑ ቀርቶ ተንጠልጣይ ሆነ፤ ጐልማሶቹ አስቀድመው ያወቁት ጥበብ ነው፣ ክንዳቸው ብቻ በኮንክሪት ተተካ።

በሌላውም ዓለም ይህ የተራራ ሕዝብ ጥበብ ነው። በፔሩ የቄስዋቻካን ድልድይ መንደርተኞች በየዓመቱ ከሣር ገምደው እንደ ገና ይሠሩታል። ስዊሶች ደግሞ በኔፓል ድልድዮች አርአያ በትሪፍት የበረዶ ግግር አጠገብ 170 ሜትር የሚረዝም፣ በ2017ም በራንዳ 494 ሜትር የሆነ አቁመዋል፤ ወደዚያ የሚጐርፈው ጐብኚ ግን ማዶ ጉዳይ የለውም፣ ፍርሃቱን ቀምሶ ይመለሳል። ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ በ1850 በፈረንሳይ አንዠ ከተማ ወታደሮች ሲያልፉበት የነበረ ተንጠልጣይ ድልድይ በማዕበል ነፋስ መካከል ተበጥሶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አልቋል። ስለዚህ ነው ዛሬ ብዙዎቹ በጐንና በጐን በነፋስ መከላከያ ገመድ የሚታሰሩት፣ ተሻጋሪውም፣ እኩል ርምጃ ውዝዋዜውን ስለሚያባብስ፣ ርምጃውን ከጓደኛው ርምጃ ጋር እንዳያስተካክል የሚመከረው።

በአገራችን ለመጐብኘት የሚቀለው ተንጠልጣይ ድልድይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው ነው። ወዳጄ፣ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ሂድ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ በ1626 የተሠራውን የአላታን የድንጋይ ድልድይ በዚያው መንገድ ታገኘዋለህና፣ በአንድ ቀን ሁለቱን ባሕርያት፣ የሚጫነውንና የሚሳበውን፣ በእግርህ መርምረህ ትመለሳለህ። እኔ በሄድሁ ጊዜ ከድንጋዩ በኋላ ወደ ሳንቃው ስደርስ መካከል ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ መደገፊያውን ጨብጬ መወዛወዙ እስኪያበቃ እጠብቅ ነበር። ከኋላዬ የውሃ ጀሪካን ያዘለች ልጅ መጥታ፣ «አባባ፣ ይሂዱ እንጂ፤ እኔም ጀሪካኑ ከበደኝ» አለችኝ።