ከደጋ ወደ ባሕር ጠረፍ ስለ መውረድ

የደጋው ሰው ባሕርን ለማየት ያለው ናፍቆት ታላቅ መሆኑ የታወቀ ነው። ውሃው ከሰማይ ጋር ተጋጥሞ የሚታይበትን ስፍራ አንድ ጊዜ በዓይኑ ለማየት ቢመኝ የሚያስነቅፈው አይደለም። በባቡርም በመኪናም በቀላሉ የሚደረስበት ሞቃት ጠረፍ የጅቡቲ ጠረፍ ስለ ሆነ፣ ከወገኖቻችን መካከል ለዕረፍት ወደ ጅቡቲ ከተማ፣ ወደ ታጁራ፣ እንዲሁም ሙሻና መስካሊ ወደሚባሉት ደሴቶች የሚሻገሩ አሉ። በዚህ ወር ጽሑፋችን የምንናገረው ስለ አገሩ ውበት ሳይሆን፣ የደጋ ሰው ገላ በዚያ ጠረፍ ላይ ምን እንደሚደርስበት ነው። የታጁራን ነጫጭ ቤቶችና ጥንታውያን መስጊዶች ማየት ደስ የሚያሰኝ መሆኑን ግን ሳንመሰክር አናልፍም።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ምድር ባቡር በመጀመሪያው ዘመን መንገደኛውን በአዋሽና በድሬዳዋ እያሳደረ በሦስት ቀን ያደርሰው ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ የተነሣውን ሰው በአንድ ቀን ከባሕር ወለል ላይ ያኖረዋል። ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ዳሩ ግን ገላ እንደ ባቡር ፈጣን አይደለም።

ይህን ስንል ከመጽሐፍ ብቻ አንብበን አይደለም። ከባሕር ማዶ የጤና አጠባበቅ ትምህርት ተምረን ከተመለስን በኋላ፣ በአንድ ግንቦት ወር መጨረሻ ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ጋር ወደ ታጁራ ወርደን ነበር። በደረስን በማግስቱ፣ ቀትር ላይ፣ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ጠጥተን በባሕሩ ዳር ረጅም መንገድ በእግራችን ሄድን። ነፋስ ከባሕሩ ይነፍስ ስለ ነበር ሙቀቱ እምብዛም አልተሰማንም። ጥቂት ቆይቶ ባልደረባችን ያለ ምክንያት ይቆጣ ጀመር፤ ቀጥሎ እግሩ ተሳሰረ፤ በመጨረሻም የማይያያዝ ነገር መናገር ያዘ። ገላውን ብንዳስሰው እንደ ምጣድ ይፋጃል። እኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መኪና ፍለጋ ስንሮጥ፣ በጥላ ሥር መረቡን ይጠግን የነበረ አንድ የአፋር ጀልበኛ ተነሥቶ ሰውየውን ወደ ጥላው ጎተተው፤ ሸሚዙን ከፈተ፤ ከጀሪካኑ ውሃ ከራሱ ጀምሮ አፈሰሰበት፤ በሽርጡም ያራግበው ጀመር። «መጀመሪያ አቀዝቅዙት፤ መኪናው ይደርሳል» አለን። መኪናው የመጣው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ባልደረባችን ስሙን መናገር ጀምሮ ነበር። ጀልበኛው ያደረገውን ሁሉ እኛ ባሕር ማዶ ተምረነው በፈተናም ጽፈነው እንደ ነበረ ትዝ ያለን፣ እርሱ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ መሆኑን ስንጽፍ እናፍራለን።

የነገሩ ምክንያት እንደሚከተለው ነው። የሰው ገላ ሙቀቱን የሚያወጣው ይልቁንም በላብ ነው፤ ላብም የሚያቀዘቅዘው ከቆዳ ላይ ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም። በጠረፍ ወበቅ ሲሆን አየሩ በእርጥበት የተሞላ ስለ ሆነ ላቡ ሳይተን ይፈሳል፤ ሰውየው ውሃውን ያጣል፣ ገላው ግን አይቀዘቅዝም። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ከበረሃው ኻምሲን የተባለው ደረቅና የሚያቃጥል ነፋስ ይነሣል፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚህን ጊዜ ላቡ ወዲያው ስለሚደርቅ ሰውየው ማላቡን እንኳ አያውቅም። ሁለቱም ያታልላሉ፤ አንዱ በላብ ብዛት፣ ሁለተኛው ላብ ባለመታየቱ።

የጠረፉ ተወላጅ ገላ ግን ሥራውን የለመደ ነው። የላብ ዕጢዎቹ ቶሎ ይጀምራሉ፣ ብዙ ያወጣሉ፣ ጨውን ግን ይቆጥባሉ። የደጋ ሰውም ይህን ልማድ ያገኛል፤ ነገር ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከሁሉ የሚያሰጉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው፤ የዕረፍት መንገደኛ ደግሞ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ቀናት ብቻ ነው። ለመልመድ የሚበቃ ጊዜ የሌለው ሰው የአገሩን ሰው ሥርዓት መከተል ይገባዋል። በጅቡቲ ባለ ሱቁ ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ገደማ ሱቁን ዘግቶ ያርፋል፤ ይህን አይቶ ስንፍና ነው ብሎ የሚስቅ ደገኛ አጋጥሞናል። ስንፍና ሳይሆን ከአባት የተወረሰ የጤና ትምህርት ነው። የመንገዱንም ጊዜ መምረጥ ለሚችል ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት እጅግ የተሻለ ነው።

በሙቀት ለተመታ ሰው ስለሚደረገው ርዳታ ደግመን እንናገራለን። ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽና ብዙ ላብ የታየበት ሰው በጥላ አርፎ ውሃ ቢጠጣ ይሻለዋል። አእምሮው የተወናበደ፣ የሚንገዳገድ ወይም ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ውስጣዊ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሳይደርስ አይቀርም፤ በፍጥነት ካልቀዘቀዘ አንጎሉ፣ ጉበቱና ኩላሊቱ ተጎድተው ሊሞት ይችላል። ልብሱን ማውለቅ፣ በተገኘው ውሃ ሁሉ፣ በባሕር ውሃም ቢሆን፣ ገላውን ማራስና ማራገብ ያስፈልጋል። ወደ ሐኪም ቤት የሚወሰደውም ይህ ሳይቋረጥ ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም። የትኩሳት ክኒን ለዚህ ሕመም አይረዳም። በአገራችን በፀሐይ የታመመውን ሁሉ «ምች መታው» ብሎ ዳማከሴ የማሸት ልማድ አለ፤ ዳማከሴው የሚጎዳ ባይሆንም፣ ቅጠሉ እስኪለቀም የሚያልፈው ጊዜ ግን ነፍስ ያሳልፋል።

ስለ መጠጥም ጥቂት እንበል። በሙቀት የሚንቀሳቀስ ሰው በአንድ ሰዓት አንድ ሊትር ያህል ላብ ሊያወጣ ስለሚችል፣ ጥም ሳይጠብቅ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መጠጣት አለበት። ሽንቱ የጠቆረ ሰው ውሃ አንሶታል። ብዙ ያላበው ሰው ከውሃው ጋር ጨውም ማግኘት ስላለበት ኦአርኤስ ይያዝ፤ ካላገኘም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ይጠጣ። ቢራ ጥምን ያረካ ይመስላል እንጂ ውሃን ከገላ ያስወጣል። ከአገራችን ወደዚያ የሚወርደው ጫትም የገላን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ የሚቅም ሰውም ድካሙን ስለማያውቅ አደጋው እጥፍ ነው። የፍልሰታ ጾም የሚውለው በነሐሴ፣ በሙቀቱ ብርታት ጊዜ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ጿሚ መንገዱን ወደ ሌላ ወር ቢያስተላልፍ ይሻላል፤ የማይቀርለት እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ ሕመምተኞች፣ እንዲሁም ለደም ግፊት ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሳይነሡ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ወደ ባሕሩ እንመለስ። በሐይቆቻችንና በወንዞቻችን የሚፈራው የብልሃርዝያ ትል በጨው ባሕር ውስጥ አይኖርም፤ በዚህ በኩል መንገደኛው ሥጋት አይግባው። የሚያሰጋው መስጠም ነው። መዋኘት የማያውቅ ሰው ወደ ሙሻ በሚሻገርበት ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት የሚባለውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከወደብ እስከ ወደብ ሳያወልቅ ይልበስ፤ ሰደርያ የሌለበት ጀልባ ላይ አይሳፈር። የሚሰጥም ሰው እንደሚባለው አይጮኽም፤ አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለመተንፈስ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ዝም ብሎ ይሰጥማል። ስለዚህ ልጆች ሲዋኙ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይዝ ሊጠብቃቸው ይገባል።

በደሴቶቹ ዙሪያ ኮራል የተባለው ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት ሞልቷል። በባዶ እግር የሚረግጠው ሰው ይቆረጣል፤ በመካከሉ የባሕር ጃርትና፣ ከድንጋይ የማይለይ መርዘኛ ዓሣ ያደፍጣሉ። የዓሣው መርዝ በሙቀት የሚፈርስ ስለ ሆነ፣ የተወጋውን እግር ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ፣ ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል መንከር ሕመሙን ያስታግሳል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። በጫማ መግባት ግን ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ከኅዳር እስከ ጥር ከዓሣዎች ሁሉ ትልቁ የሆነውን፣ ሰውን የማይነካውን ዌል ሻርክ ለማየት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚጠልቁ ሰዎች አሉ። በላዩ ተንሳፍፎ ማየት አያስፈራም። የአየር በርሜል ተሸክሞ በጥልቀት የጠለቀ ሰው ግን ለደገኛ ብቻ የሚመጣ አንድ ችግር አለበት። በጥልቀቱ ግፊት ናይትሮጅን የተባለው አየር ወደ ደሙና ወደ ሥጋው ይሰርጋል፤ ሰውየው ወዲያው ወደ ከፍታ ቢወጣ፣ ተዘግቶ ተናውጦ እንደ ተከፈተ ጠርሙስ አረፋ ይሆናል። አረፋው በመገጣጠሚያ ላይ ብርቱ ሕመም፣ በአከርካሪ ውስጥ ሲሆንም ሽባነት ያመጣል። ሌላው ሰው ይህን የሚጠነቀቀው በአውሮፕላን ሲሳፈር ብቻ ነው፤ የኛ ሰው ግን በቤቱ ያለው የአየር ግፊት በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ካለው ግፊት ጋር ስለሚቀራረብ፣ በመኪናም ሆነ በባቡር ሲመለስ እንደ በራሪ ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ከ12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ ከ18 ሰዓት ባላነሰ ጊዜ ከባሕር ወለል ላይ ይቆይ፤ እኛስ አንድ ሙሉ ቀን እንዲያርፍ እንመክራለን።

የመጨረሻው ነገር ወባ ነው። የደጋ ሰው ወባን የረግረግና የገጠር በሽታ አድርጎ ስለሚያስበው፣ በከተማ ሆቴል ሲያድር አጎበር አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በጅቡቲ ተገኘች። ይህች ትንኝ የምትራባው በከተማ መካከል፣ በውሃ በርሜልና በታንከር ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት በጅቡቲ የተመዘገቡት የወባ ሕመምተኞች 27 ብቻ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ከ73,000 አለፉ። ትንኟ ወደ አገራችንም ገብታ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት ያላት ሆና ተገኝታለች። ስለዚህ ተጓዡ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይያዝ፤ ከፀሐይ መጥለቅ ጀምሮ እጅጌና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበስ፤ አስቀድሞ ስለሚወሰደው የወባ መከላከያ ክኒንም ከመነሣቱ በፊት ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።

የወባ ትኩሳት የሚነሣው ከተነከሱ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዱም ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መንገደኛው ወደ ቤቱ ተመልሶ ብርዱን ለብሶ ተቀምጧል። ወባ በማይታወቅበት ደጋ ያለ ሐኪም የትኩሳቱን ምክንያት ታይፎይድ ወይም ጉንፋን ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ስለዚህ ከጠረፍ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ሲይዘው፣ ጤና ጣቢያ ገብቶ ካርድ ሲያወጣ ከስሙ ቀጥሎ የሚናገረው በየትኛው ወር ጅቡቲ እንደ ነበረ ይሁን፤ ደሙም በዚያው ቀን ይመርመርለት።