የባሚያ ዝልግልግ፦ በድስትና በላቦራቶሪ



የዛሬው ዝግጅታችን ከማድ ቤት ተነስቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄድና ተመልሶ ወደ ጤናችን ይመጣል። ጉዳያችን ባሚያ ነው።

በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባሚያን የማያውቅ ቤት የለም። በርታዎች «ከንካሴ»፣ ጉሙዞች «አንደሃ» ይሉታል። ጎረቤቶቻችን ሱዳኖች ደግሞ ደርቆ የተፈጨውን «ወይካ» ብለው ይጠሩታል። እርጥቡም ሆነ ደረቁ ወጥ ይሠራበታል፤ ለገንፎ ማባያ ይሆናል። በረመዷን ማፍጠሪያ ላይም አይጠፋም።

ይህ የቤት ምግብ ዛሬ ስሙ በሌላ መንገድ እየተነሳ ነው። «የባሚያ ውሃ የስኳር በሽታን ያድናል፣ ሳይንስም አረጋግጦታል» የሚሉ መልእክቶች ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋሉ። ይህን አምኖ ክኒኑን የሚተው ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ሳይንሱ በእርግጥ ምን እንዳለ አብረን እንመልከት።

ዝልግልጉ ምንድን ነው?

ባሚያ ሲከተፍ ወይም ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ዝልግልግ በአብዛኛው ፖሊሳካራይድ ነው። ፖሊሳካራይድ ማለት ብዙ የስኳር ቅንጣቶች እንደ ሙስበሃ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። የእህል ስታርች፣ የጥጥ ሴሉሎስ፣ ተልባ ሲዘፈዘፍ የሚሰጠው ዝልግልግም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ልዩነታቸው ዶቃዎቹና አያያዛቸው ላይ ነው። የስታርች ዶቃ ሁሉ ግሉኮስ ነው። የባሚያው ግን ጋላክቱሮኒክ አሲድ፣ ራምኖስና ጋላክቶስ የተሰባጠሩበት የፔክቲን ዓይነት ነው።

አንጀታችን ስታርችን ቆራርጦ ግሉኮስ ያደርገዋል። የባሚያን ሰንሰለት የሚቆርጥ ኢንዛይም ግን የለንም። ስለዚህ ሳይፈጭ እስከ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይመገቡትና በምላሹ ለአንጀት ግድግዳ ምግብ የሚሆኑ አሲዶችን ይሠራሉ። በመንገዱ ላይም ውሃ ይዞ ስለሚወፍር ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ሊያዘገይ ይችላል። ባሚያ መልካም ምግብ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ዝገትና መቆጣት

ብረት ደጅ ሲያድር ይዝጋል፤ የተላጠ ድንች ይጠቁራል። በሁለቱም የኦክስጅን እጅ አለበት። በሰውነታችን ውስጥም ምግብ ወደ ኃይል ሲለወጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያልተረጋጉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። የጎደላቸውን ኤሌክትሮን ከሌላው ይነጥቃሉ፤ ሲበዙም ሴሎችን ይጎዳሉ። ይህን ንጥቂያ የሚገታ ነገር አንቲኦክሲዳንት ይባላል።

የሰውነት መቆጣት ደግሞ ሌላ ነው። እሾህ የወጋው ጣት የሚቀላው፣ የሚያብጠውና የሚሞቀው ደምና ሊከላከሉ የሚመጡ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ስፍራው ስለሚጎርፉ ነው። ይህ በራሱ ጥበቃ ነው። ጉዳት የሚሆነው ምክንያቱ አልፎም ሳያባራ ሲቀር ነው። መቆጣት ፍሪ ራዲካልን ያበዛል፤ ፍሪ ራዲካልም መልሶ መቆጣትን ያባብሳል። ተመራማሪዎች ሁለቱን በአንድነት የሚያጠኑት ለዚህ ነው።

በአገራችንም ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሀብታሙ ፈቃዱ ገመዴና ባልደረቦቻቸው ስለ ኢትዮጵያ ባሚያ ዝልግልግ ባሳተሙት ጽሑፍ አንቲኦክሲዳንት ጠባይ እንዳለው አሳይተዋል። ለምግብ ማወፈሪያነት እንደሚያገለግልም አመልክተዋል።

ኬሚስቶቹ ምን ይጨምራሉ?

የተፈጥሮው ሰንሰለት ለመድኃኒትነት ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። አንዳንዱ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ አንዳንዱ ከሴል ጋር አይያያዝም። ስለዚህ ኬሚስቶች በዶቃዎቹ ላይ ሌላ ነገር ይሰኩበታል።

አንደኛው መንገድ ሰልፌት መጨመር ነው። ሰልፌት ሰንሰለቱን ኔጋቲቭ ቻርጅ ያሸክመዋል። እንዲህ ያለው ሰንሰለት ነጭ የደም ሴሎች በደም ሥር ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ የሚጠቀሙበትን መያዣ ሊሸፍን ይችላል፤ መቆጣትም የሚቀንሰው በዚህ ነው። ሁለተኛው ካርቦክሲሜቲል የሚባለውን ክፍል መጨመር ሲሆን በኮስቲክ ሶዳና በሞኖክሎሮአሴቲክ አሲድ ይሠራል። በዚህ መንገድ የተለወጠ ሴሉሎስ በአይስክሬም፣ በጥርስ ሳሙናና በዓይን ጠብታ ውስጥ አለ። ሦስተኛው አሴቲል መጨመር ነው። ሴሌኒየም የተባለውን ማዕድን የሚያያይዙም አሉ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሰልፌት ለመጨመር ከሚያገለግሉት ኬሚካሎች አንዱ ክሎሮሰልፎኒክ አሲድ ሥጋን የሚያቃጥል አደገኛ ፈሳሽ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ቅሪቱ በጥንቃቄ ታጥቦ መውጣት አለበት። እንግዲህ «የተሻሻለ የዕፅዋት ፖሊሳካራይድ መቆጣትን ቀነሰ» የሚል ዜና ስንሰማ፣ የተወራለት ነገር ድስታችን ውስጥ የለም። መነሻው ዕፅዋት ቢሆንም አሁን ሌላ ነገር ሆኗል።

ከብልቃጥ እስከ ሰው

ብዙዎቹ የአንቲኦክሲዳንት ሙከራዎች የሚደረጉት በብልቃጥ ውስጥ ነው። ዲፒፒኤች የሚባል ሐምራዊ ፈሳሽ ላይ የሚፈተነው ነገር ይጨመራል። ሐምራዊው ወደ ቢጫ ካደላ ፍሪ ራዲካሉ ተይዟል ማለት ነው። ሙከራው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ብልቃጥ ጨጓራም ጉበትም የለውም። ረጅም ሰንሰለት የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም መግባት ይከብደዋል። ስለዚህ በብልቃጥ የሠራ ሁሉ በሰው ላይ ይሠራል ማለት አይቻልም።

መንገዱን እስከ መጨረሻው የተጓዘ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ፔንቶሳን ፖሊሰልፌት የሚሠራው ቢች ከሚባል ዛፍ እንጨት በሚወጣ ዛይላን የተሰኘ ፖሊሳካራይድ ላይ ሰልፌት በመጨመር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ለአንድ ዓይነት የፊኛ ሕመም ፈቀደችው። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የዓይን ሐኪሞች ለብዙ ዓመት በወሰዱ ሕሙማን ሬቲና ላይ ጉዳት አይተው አሳወቁ። በ2020 በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ማስጠንቀቂያ ገባ። ከዕፅዋት የተነሳ፣ ተፈትኖ የተፈቀደ መድኃኒት እንኳ ጉዳቱ የታወቀው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያልተፈተነውንማ ማን ዋስ ይሆነዋል?

ክኒኑና ከንካሴው

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2011 የባንግላዲሽ ተመራማሪዎች የባሚያን በውሃ የሚሟሟ ክፍል ለአይጦች ሰጥተው ሁለት ነገር አዩ። በአንድ በኩል የግሉኮስ ወደ ደም መግባት ቀነሰ፤ ይህ ደስ ያሰኛል። በሌላ በኩል ደግሞ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ወደ ደም መግባቱም ቀነሰ። ስኳርን የያዘው ዝልግልግ መድኃኒቱንም ይዞ አስቀረው ማለት ነው።

ይህ የአይጥ ጥናት ነው፤ በሰው ላይ በዚያው ልክ ይሆናል አንልም። ሆኖም ጥንቃቄ ለማድረግ በቂ ምክንያት ነው። በተለይ በረመዷን ሜትፎርሚን የሚወስድ ጾመኛ ክኒኑንና ባሚያውን በአንድ ሰዓት፣ በማፍጠሪያ ላይ ሊያገናኛቸው ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

አንደኛ፣ ማንም በባሚያ ውሃ ተማምኖ የታዘዘለትን መድኃኒት አይተው፤ መጠኑንም በራሱ አይቀንስ። ሁለተኛ፣ የባሚያ ውሃ ወይም ዱቄት አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ ከክኒኑ ጋር በስንት ሰዓት ልዩነት ይውሰድ እንደሆነም ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ የስኳር ሕመምተኛ ረመዷን ሳይገባ ጤና ተቋም ሄዶ ስለ ጾሙና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ይማከር። አራተኛ፣ የባሚያ ወጣችንን እንደ ምግብ በደስታ እንብላ።

ለተመራማሪዎቻችንም አንድ ቃል አለን። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከንካሴ የሚበቅልበት አፈር ላይ ናቸው። የማፍጠሪያው ወጥ የሜትፎርሚንን ሥራ በሰው ላይ ይለውጥ እንደሆነ ማጥናት ለዚህ ሕዝብ የሚጠቅም ሥራ ነው።

አድማጮቻችን፣ መድኃኒት መፈለግ በዲናችን የተበረታታ ነገር ነው። መፈለግ ማለት ግን ማጣራትም ጭምር ነው። በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ድረስ አላህ ጤናውን ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።