ዘረመሉ ያልጻፋቸው ፊደላት

በ1969 ሮበርት ሮደርና ዊልያም ራተር ከባሕር ጃርት ሽልና ከአይጥ ጉበት የወጡ ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ሙላታቸው በሚለይ ዓምድ ውስጥ አሳልፈው፣ በኒውክለስ ውስጥ አር ኤን ኤ የሚሠራው ፖሊሜሬዝ አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑን አሳዩ፤ ዓይነቶቹ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ይባላሉ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች እነዚሁን ኢንዛይሞች ከፊዛረም ፖሊሴፋለም፣ በበሰበሰ እንጨት ላይ ከሚሳበው ቢጫ ዝልግልግ ፍጥረት፣ ለማጥራት ብዙ ደክመዋል። ድካሙ ዛሬም ዋጋ አለው ባይ ነኝ። ፊዛረም በዓይን የሚታይ አንድ ግዙፍ ሕዋስ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት እጅግ ብዙ ኒውክለሶች የሚከፈሉት በአንድ ጊዜ ነው፤ ኢንዛይሙ በየትኛው የሕዋስ ዕድሜ ምን እንደሚሠራ ለመጠየቅ የሚመች ፍጥረት ነው። ለማጥራት ግን አይመችም። ልጋጉ ከፕሮቲኑ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ሕዋሱ ሲፈርስ የሚለቀቁት ፕሮቲን ቆራጮችም የሚፈለገውን ኢንዛይም ይበሉታል። ስለዚህ ሥራው በብርድና በጥድፊያ ይሠራል።

«እርሾና ሰው አይበቁም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሮጀር ኮርንበርግ የእርሾን ሁለተኛ ፖሊሜሬዝ ቅርጽ በ2001 አሳይቶ በ2006 የኖቤል ሽልማት ማግኘቱ እውነት ነው። ነገር ግን የአንዱ ጠባይ ለሌላው ሕግ አይሆንም። የገዳዩ እንጉዳይ መርዝ አልፋ-አማኒቲን በእንስሳት ሁለተኛውን ፖሊሜሬዝ በጥቂት መጠን፣ ሦስተኛውን በብዙ መጠን ያግዳል፤ አንደኛውን አይነካም። በእርሾ ግን መርዙን የሚቋቋመው ሦስተኛው ነው። ይህን የሚያውቀው ኢንዛይሙን አጥርቶ የለካ ብቻ ነው።

«ዘረመሉን ካነበብን ኢንዛይሙ ይገባናል» ለሚለው ደግሞ ፊዛረም ራሱ መልስ አለው። በ1991 በማይቶኮንድሪያው ውስጥ በአንድ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ላይ በዲ ኤን ኤው የሌሉ 54 የ«ሲ» ፊደላት ተገኙ። ፕሮቲን የሚሠራው ፊደላት በሦስት በሦስት እየተነበቡ ስለሆነ፣ ዲ ኤን ኤውን ብቻ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ትርጉም አልባ ጽሑፍ ነው። ጭማሪዎቹ የሚገቡትም አር ኤን ኤው እየተሠራ ሳለ ነው፤ ጥያቄው ሁሉ አር ኤን ኤውን ወደሚሠራው ኢንዛይም ይመለሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በቱቦ ያለ ኢንዛይም በሕዋስ እንዳለው አይደለም። ይህን እቀበላለሁ። በባክቴሪያ ውስጥ የተመረተው የፊዛረም ማይቶኮንድሪያ ፖሊሜሬዝ በአር ኤን ኤ ጫፍ ላይ ዲ ኤን ኤ ያላዘዘውን ፊደል ሊጨምር ይችላል፤ ይህ ግን ፊደሎቹን በትክክለኛ ቦታቸው ከማስገባት ገና ሩቅ ነው። ተቃውሞው ማጥራትን አያፈርስም፤ በቱቦው የጎደለ ረዳት ካለ ምን እንደሆነ የሚጠየቀው ብቻውን የቆመው ኢንዛይም ምን ማድረግ እንደማይችል ከታየ በኋላ ነው።